ቦራ ወንዝ ዳር ቀረች

«ናጅዋ፣ ስልኩን ቻርጅ አድርጊው እንግዲህ። ነገ ጾም ይፈታል።»

ሜላት ይህን ያለችው አንገቷን ከባጃጅ ውስጥ አውጥታ ነው። ከእናቷ ጋር ከመርሳ ገበያ እየተመለሱ ነበር፤ እግራቸው ሥር ሁለት ዶሮ ታስሯል፣ ጭናቸው ላይ የሽንኩርት ፌስታል ተቆልሏል። ባጃጁ አልቆመም። ናጅዋ እጇን አነሳችላት፣ ሳቅ አለችላትም። ባጃጁ ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ሰፈር ሲታጠፍ ግን ሳቋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ምነው፣ ሆድሽን ቆረጠሽ እንዴ?» አለቻት እናቷ ረሂማ። ረሂማ መንገድ ዳር ላስቲክ ወጥራ ፓፓያና ሎሚ የምትሸጥ ሴት ናት። የሚመጣው መኪና ሊቆም ይሁን ሊያልፍ ከሩቅ ታውቃለች፤ የልጇንም ፊት እንደዚያው።

«ምንም አልሆንኩም፣ እማ።»

«እንግዲያው የበሰለውን ወደ ፊት አምጪው። ነገ እነ ሜላት ቤት ለምትወስጂው ደግሞ ደህና ደህናውን ምረጪ። ዓመት በዓል ነው፣ የጠነዛ ይዘሽ ሄደሽ እንዳታዋርጂኝ።»

ናጅዋ አጎንብሳ መምረጥ ጀመረች። እጇ ፓፓያውን ይዳብሳል፣ ልቧ ግን ኪሷ ውስጥ ካለው ስልክ ጋር ነው።

ስልኩ የወንድሟ የሙስዐብ ነበር። ወልድያ ሥራ ሲገባ አዲስ ገዛና አሮጌውን ለሷ ተወላት። ጥጉ ተሰንጥቋል፣ ሲም የለውም፣ ግን ውስጡ አንድ ጌም አለ። አንድ ማለት እንኳ ይከብዳል።

ጌሙ ሲጀምር አንዲት መንገደኛ ልጅ ያመጣና ስም አውጡላት ይላል። ናጅዋና ሜላት የሁለታቸውን ስም ቆርጠው ቀጠሉና ናሜ አሏት። ናሜ በሰይፍ ትዋጋለች። ሰይፉን ለመግዛት ግን መጀመሪያ መሬት ቆፍራ፣ ጎመን ተክላ፣ ውሃ አጠጥታ፣ ገበያ ወስዳ መሸጥ አለባት። ሳትበላ መንገድ ከወጣች ጉልበቷ ይከዳታል፣ ስለዚህ ምግብ ማብሰልም አለ። ግልቢያ አለ። በየመንደሩ ካርታ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች አሉ፤ ካላሸነፏቸው መንገድ አያሳዩም። ተራራው ላይ ያለው የድንጋይ በር ደግሞ እንቆቅልሹን ካልፈቱለት ንቅንቅ አይልም።

ክፍል ውስጥ ወንዶቹ «የውጊያ ጌም ነው»፣ «አይደለም፣ የእርሻ ነው» እየተባባሉ ይጨቃጨቃሉ። ሁለቱ ልጆች ግን ጣዕሙ መቀላቀሉ ላይ እንደሆነ ያውቃሉ። መዋጋት ሲሰለች መትከል አለ፣ መትከል ሲሰለች መጋለብ አለ። ሥራውንም ተከፋፍለውታል። ጣቷ ፈጣን ስለሆነ ውጊያውና ግልቢያው የናጅዋ ነው። እርሻው፣ ምግቡ፣ እንቆቅልሹና እንግሊዝኛው የሜላት። ጌሙ ውስጥ ያለውን ትልቁን ገበያ በአካባቢያቸው ገበያ ስም ሐራ አሉት፤ ቶሎ የሚያፈራውን ውድ ዘር በእርሻ ምርምሩ ጣቢያ ስም የሲሪንቃ ዘር አሉት፤ መጨረሻ ላይ ያለውን ባለግንብ ከተማ ደግሞ ወልድያ። በነሱ ቋንቋ «ወልድያ እንግባ» ማለት ጌሙን እንጨርስ ማለት ነው።

ከዚያ ደግሞ ቦራ አለች።

ቦራ በቅሎ ናት። ገና ግልገል ሳለች ነው ሜላት ከሐራ የገዛቻት። ከሲታ ነበረች፣ እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። ናጅዋ «ይቺን ሽጫትና ፈረስ እንግዛ» ብላ ነበር። ሜላት እምቢ አለች። ገብስ እያበላች፣ እያጠበች፣ ዝናብ ሲመጣ ጥላ ሥር እያስገባች አሳደገቻት። ኋላ ቦራ የጌሙን ፈረስ ሁሉ ጥላ የምትሮጥ ሆነች። ናሜ ስትቆም ቦራ መጥታ አፍንጫዋን ትከሻዋ ላይ ታሳርፋለች፤ ሜላት ይህን ባየች ቁጥር እንደ ሕፃን ትስቃለች።

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ባንድ ሰሞን ገቡ። ሐሳቡን ያመጣችው ሜላት ናት።

«እኔ ከሥጋና ከወተት ሌላ የምወደውን አንድ ነገር ልተው ብያለሁ» አለች። «ጌሙን ነው።»

«እኔም እተዋለሁ እንግዲያ» አለች ናጅዋ። «ብቻዬን ምን ያደርግልኛል።»

«ወልድያ በር ላይ ደርሰናል እኮ። ጾም ሲፈታ አብረን እንገባለን።»

«ጾም ሲፈታ» አለች ናጅዋም።

ሜላት ስልኩን በሁለት እጇ መልሳ ሰጠቻት። «አደራ» አለቻት።

የማን ጾም ሲፈታ፣ አንዳቸውም አልጠየቁም።

ዒድ ቀድሞ መጣ። ሜላት እንኳን አደረሳችሁ ልትል መጣች፤ ረሂማም ለሷ ብቻ የጾም ምስር ሠርታ አቀረበችላት። ስልኩ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሜላት አየችው፣ ሳቀች፣ ባንድ ጣቷ በፊቱ ደፋችውና ወደ ምስሯ ተመለሰች። ናጅዋ ይህን አይታለች።

በማግስቱ እናቷ ሐራ ከተማ ያለች እህቷን ልትጠይቅ ሄደች። ቤቱ ጭር አለ። ናጅዋ ስልኩን አነሳችው።

«ጾም ሲፈታ ነው ያልነው» አለች ጮክ ብላ። «የኔ ተፈቷል።»

ትንሽ ብቻ ነበር ያሰበችው፤ አንድ ግልቢያ ጋልባ ልትዘጋው። ግን ጣቷ ናፍቆት ኖሮ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ቦራ በረረች። ከግልቢያው ቀጥሎ ሽፍቶች መጡ፣ እነሱን ጣለች። ከነሱ በኋላ አለቃቸው መጣ፣ እሱንም ጣለች። እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ቀና ስትል ናሜ ከአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር ቆማለች፣ ከወንዙ ማዶ የወልድያ ግንብ ይታያል። አንዲት ጠባብ ጀልባ አለች። ጀልባ ቀዛፊው በእንግሊዝኛ ጠየቃት። ሌላ ጊዜ የምታነበው ሜላት ናት። «ዊል ዩ ሊቭ ቦራ?» ይላል።

ሊቭ። ይህችን ቃል ናጅዋ ታውቃታለች፣ መኖር ማለት ነው። ቦራ እንድትኖር ትፈልጊያለሽ ወይ እያላት ነው። ይህም ይጠየቃል? አዎ የሚለውን ነካችው።

ጀልባዋ ተነሳች። ናሜ ጀልባዋ ላይ ናት። ቦራ ወንዙ ዳር ቆማ፣ ጆሮዋን ቀስራ ታያለች። ጀልባዋ ራቀች፣ ቦራ አነሰች፣ ነጯ ግንባር ብቻ ቀረች፣ ከዚያ እሷም ጠፋች። ስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሿ ክብ ምልክት ዞረች። ጌሙ ራሱ ሴቭ አደረገ ማለት ነው፤ የተደረገው ተደረገ።

ሰኞ የእንግሊዝኛ መምህሯን ጠየቀች። «ሁለት ሊቭ አለ» አላት መምህሩ። «ሲጻፉ ይለያያሉ፣ በኛ አፍ ግን አንድ ሆነው ይወጣሉ። አንዱ መኖር ነው፣ አንዱ ትቶ መሄድ።»

ከዚያ ወዲህ እንቅልፏም ምግቧም ልክ አልነበረም። ሜላት ምንም አታውቅም። ትምህርት ቤት አብረው ሲሄዱ ክንዷን ይዛት «ቦራ ናፈቀችኝ» ትላታለች። «እሷም ሁዳዴን እየጾመች ነው፣ ገብስ አሳይተሽ እንዳትፈትኛት።» ናጅዋ አብራት ትስቃለች። ዛሬ እነግራታለሁ ትላለች፣ ነገ ትላለች። እነሆ ነገ የተባለው ሁሉ አልቆ የፋሲካ ዋዜማ ደረሰ።

ፓፓያውን መርጣ እንደጨረሰች እናቷን አስፈቅዳ ወደ ዛኪር ሄደች። ዛኪር የአጎቷ ልጅ ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል ይጠግናል። ሁሉን ነገረችው። ስልኩን እያገላበጠ ሰማት።

«ሰይፍ ታጥቆ ጎመን የሚኮተኩት ሰው ያየሁት እዚህ ጌም ላይ ብቻ ነው» አለ።

«ዛኪር፣ አትቀልድ። ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል?»

«አይቻልም። ሴቭ የሚያደርገው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በአሮጌው ላይ አዲሱን ጽፎበታል።»

«ምንም ዘዴ የለም?»

«ለበቅሎዋ የለም። ላንቺ ግን አለ።» ወንበሩን ወደሷ አስጠጋ። «ፎርማት ላድርገው። ባዶ ይሆናል። ስልኩ ራሱ አጠፋው በያት። እንዲህ የተሰነጠቀ ስልክ ቢያጠፋ ማን ይገርመዋል? ሁለታችሁም ታዝናላችሁ፣ ከዚያ እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ። አለቀ።»

ናጅዋ አሰበችው። ሁለታቸው ባንድ ላይ ሲያዝኑ ታያት። ሜላት ስታጽናናትም ታያት። ደረቷ ላይ የተጫነው ነገር ቀለል አለ።

«አድርገው» አለች።

ዛኪር ስልኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አያያዘው፣ አንዱን ነካ፣ ሌላውን ነካ። ስክሪኑ ላይ እንግሊዝኛ መጣ።

«ቆይ» አለች ናጅዋ። «ምን እያለ ነው?»

«ሁሉም ይጠፋል፣ ትፈልጊያለሽ ወይ እያለ ነው። አዎ ልበለው?»

ከጽሑፉ በታች አዎና አይ ጎን ለጎን ቆመዋል፣ ልክ ወንዙ ዳር እንደቆሙት። ያኔ ቃሉን ሳታውቅ ነው የነካችው። የአሁኑን ግን አስነብባ ሰምታዋለች።

«ስልኬን አምጣው።»

«ምን?»

«ንቀለውና አምጣው።»

ነቀለው። «ምን ልትያት ነው ታዲያ?»

«እኔ እንጃ።»

«እንግዲያው በሊቩ አመካኚ» አለ ዛኪር። «እሱ እንኳ ውሸት አይደለም። ጾሙ ከተፈታ በኋላ፣ ዛሬ ጠዋት ልሞክረው ብዬ ስከፍተው ተሳሳትኩ በያት። ቀኑን ማን ያውቃል?»

ናጅዋ ስልኩን ኪሷ ከትታ ወጣች። መንገዱን ሁሉ ግን ያንኑ እያሰበች ሄደች። ማንም አያውቅም። እውነትም ማንም አያውቅም።

እሑድ ረፋድ ላይ ፓፓያውን በዘንቢል ይዛ የሜላትን ቤት በር አንኳኳች።

«ግቢ የኔ ልጅ፣ ግቢ» አለቻት የሜላት እናት ዘነበች፤ ዘንቢሉን ተቀብላ ግንባሯን ሳመቻት።

«እንኳን አደረሳችሁ፣ እትዬ ዘነበች። እማ ከሰዓት እመጣለሁ ብላችኋለች።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ነይ ቁጭ በይ። ሜላት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የተኛች አሁን ነው የተነሳችው፣ ፊቷን እየታጠበች ነው። ስልኩን ይዘሻል አይደል? ጾሙን ሙሉ አላነሳችውም እኮ። እኔ አምስት ቀንም አትዘልቅ ብዬ ነበር። ‹ናጅዋ እየጠበቀችልኝ እኔ እንዴት እፈታለሁ› ትለኛለች።»

ናጅዋ መሬት መሬት አየች።

ዘነበች ከጓዳ አንድ ትንሽ ድስት ይዛ ወጣች። «ይቺኛዋ የናንተ ናት። ዶሮዋን አጎትሽ ነው ትናንት ማታ መጥቶ በናንተ ደንብ ያረዳት። ድስቷም ማማሰያዋም ለብቻ ነው፣ ጭልፋው እንኳ የኛ ድስት ውስጥ አልገባም። ብዪ።»

ሁልጊዜም እንዲህ ነው። ናጅዋ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ በዚህ ቤት የሷ ድስት ለብቻ ነው። አንድም ቀን ግን ጓዳ ገብታ አላየችም። እናቷም አላየችም። ማማሰያው ቢሳሳት፣ ጭልፋው ቢቀላቀል፣ ማን ያውቃል? ማንም አያውቅም። ትናንት መንገዱን ሁሉ ስትለው የነበረው ቃል ነው።

ናጅዋ ጎረሰች።

«መጣሽ?» አለች ሜላት፣ ፊቷን በነጠላዋ እየጠረገች። ዓይኗ በእንቅልፍ አብጧል፣ ደስታዋ ግን አልተኛም። እጇን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደቻት። የሎሚው ዛፍ ሥር፣ ሁልጊዜ የሚጫወቱበት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «አምጪው። መጀመሪያ ግን ወልድያ አንገባም። መጀመሪያ ቦራን ገብስ አበላታለሁ።»

«ሜላት፣ ሳትከፍቺው።»

«ምን?»

«ቦራ የለችም።»

ሜላት የቀለደች መስሏት ፈገግ አለች። ፊቷን ስታየው ፈገግታውን ተወችው። «የት ሄዳ?»

«ወንዝ አለ። ጀልባ አለ። ቀዛፊው በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ፣ ዊል ዩ ሊቭ ቦራ አለኝ። ሊቭ ሲል ትኑር ወይ የሚለኝ መሰለኝ። አዎ አልኩት። ወንዝ ዳር ትቻት ተሻገርኩ።»

ሜላት እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ ሳቅም ልቅሶም የመሰለ ነገር አመለጣት። «ትኑር ወይ መስሎሽ? ኧረ አንቺ ልጅ። እንድትኖር ብለሽ ነው የተውሻት?»

«አዎ።»

«ወይኔ ቦራዬ።» ዓይኗን ጠረገች። «እሺ፣ በቃ፣ ታዲያ እንዲህ ትሆኛለሽ? ተሳስተሽ ነው እኮ። ዛሬ ጠዋት ነው? ልሞክረው ስትዪ?»

ይኸው። ናጅዋ ልትዋሽ እንኳ አላስፈለጋትም። ሜላት ራሷ በሩን ከፍታላታለች፤ የቀረው እሺ ብሎ መግባት ነው። አዎ ማለት ብቻ። የቤቱ በር ክፍት ነው፣ ከውስጥ ዘነበች ሁለቱን ድስቶች ስታስቀምጥ ትሰማለች፣ አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ።

«አይደለም» አለች። «በዒድ ማግስት ነው።»

ሜላት ዓይኗን መጥረጓን ተወች።

«ጾም ሲፈታ ስላልን» አለች ናጅዋ፣ «የኔ ተፈቷል ብዬ ነው።»

«የኔ እኮ አልተፈታም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«የምር መስሎሽ ነው? ያንቺ ጾም ብቻ ሲፈታ ያልን መስሎሽ?»

ናጅዋ ሎሚው ሥር የረገፈውን ቅጠል አየች። «አይ» አለች። «አልመሰለኝም።»

ሜላት ስልኩን ወሰደችና ከፈተችው። ናሜ ከወንዙ ማዶ ብቻዋን ቆማለች። ሜላት ናሜን ወደ ውሃው ጠርዝ አስጠጋቻት። ቦራ የቀረችበት ዳር ጉም ነው፣ ምንም አይታይም። ናሜ ቆመች፣ እንደ ልማዷም ትከሻዋን ዝቅ አደረገች፤ ግን ማንም መጥቶ አፍንጫውን አላሳረፈባትም። ሜላት ለብዙ ጊዜ ያንን አየች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ብትሳደብ ለናጅዋ ይሻላት ነበር።

«ሜላት፣ እኔ …»

«ተዪው» አለች ሜላት፣ ቀና ሳትል።

ናጅዋ ቃሉን ያዘችው። ተዪው። ምንም አይደለም፣ እርሺው ማለት ሊሆን ይችላል። ስልኩን እዚሁ ትተሽልኝ ሂጂ ማለትም ሊሆን ይችላል። የሜላት ፊት ወደ የትኛውም አያደላም። ናጅዋ የምትፈልገውን ታውቃለች። እርሺው ነው ያለችኝ ብላ አጠገቧ ልትቀመጥ፣ ትከሻዋን ልትነካት፣ ሽፍታ ሲመጣ ልዋጋልሽ ልትላት ትፈልጋለች። እንዲያ ብትተረጉመው የሚከለክላት የለም።

ከኪሷ ቻርጀሩን አወጣች። ገመዱን በደንብ ጠቅልላ ድንጋዩ ላይ፣ ከሜላት ጉልበት አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ ተነሳች።

ሜላት ቀና አለች፣ ቻርጀሩን አየች፣ እሷን አየች። ስልኩን ደረቷ ላይ ያዘችው።

ናጅዋ ዘነበችን አመስግና ወጣች። አስፋልቱ በበዓል መኪና ተጨናንቋል፤ ወደ ወልድያ የሚሄዱ ሚኒባሶች ጣሪያቸው ላይ ዕቃ ጭነው ያልፋሉ። ረሂማ ላስቲኩ ሥር ሎሚ እየቆለለች ነበር። ናጅዋ አጠገቧ ተቀምጣ የለሰለሰውን ፓፓያ ከጥሬው መለየት ጀመረች።

«ቶሎ መጣሽሳ» አለች ረሂማ። እጇንም ኪሷንም አየት አደረገቻት። «ስልክሽስ?»

«ሜላት ጋ ነው።»

«ረስተሽው መጣሽ?»

«አይ፣ እማ» አለች ናጅዋ፣ አንዱን ፓፓያ አንስታ ጀርባውን እየዳበሰች። «ትቼው ነው።»